ከ«አይዞህ» በኋላ ምን ይባላል?

(ሥራ ለሚጀምሩ የኮሌጅ መምህራን የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በአንድ ወረቀት ልጀምር። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የስታቲስቲክስ ፈተና ተፈትኜ ከ100 38 አገኘሁ። ወረቀቱ ሲታደል ውጤቱን አየሁና ወዲያው ገልብጬ አስቀመጥኩት። አጠገቤ ያለው ልጅ እንዳያይብኝ ነው። በልቤ ጨርሼ ነበር። ኮርሱን ድሮፕ አደርጋለሁ፣ ከተቻለ ዲፓርትመንትም እቀይራለሁ አልኩ። ሁሉም ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ወረቀቱን እንደገና ገለጥኩት። ከታች በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለ። «ጥያቄ 3 ላይ የጀመርከው መንገድ ትክክል ነው። መሃል ላይ አንድ ምልክት ተሳስተህ ነው የጠፋብህ። ሐሙስ ቢሮ ና፣ አብረን እንጨርሰዋለን።»

ሐሙስ ሄድኩ። ጥያቄ 3ን ጨረስነው። ከዚያ ጥያቄ 4ን ብቻዬን እንድሞክር ሰጠኝና እሱ ወደ ሥራው ዞረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገልኩ። ደረስኩበት። ያን ሴሚስተር ኮርሱን በቢ ጨረስኩ።

ይህን የምነግራችሁ አንድ መስመር ጽሑፍ ቢ ያመጣል ለማለት አይደለም። በዚያች መስመርና በቢው መካከል ብዙ ሳምንት አለ። ብዙ ሌሊትም አለ። ግን መስመሯ ባትኖር ሳምንቶቹም አይኖሩም ነበር፤ ኮርሱን ጥዬ ሄጄ ነበርና። ማበረታታት የተማሪን ውጤት እንዴት ይነካል ብላችሁ ብትጠይቁኝ አጭሩ መልሴ ይኸው ነው። ውጤቱን የሚያመጣው የተማሪው ሥራ ነው። የመምህሩ ቃል ደግሞ ሥራው እንዲቀጥል ያደርጋል፣ ወይም ያስቆመዋል።

ደግሞ አስተውሉ። ያ መምህር «ጎበዝ» አላለኝም። ጎበዝ አልነበርኩማ፣ 38 ነው ያገኘሁት። «አይዞህ» እንኳ አላለኝም። ያለኝ ሦስት ነገር ነው። ሥራህን አይቼዋለሁ። የቱ ጋ እንደሳትክ ይኸው። ከዚህ በላይ ትችላለህ፣ ና።

ቋንቋችን ራሱ እዚህ ላይ ይረዳናል። «ማበረታታት» የሚለው ቃል ከ«በረታ» ነው የመጣው። ሰውን ማበረታታት እንዲበረታ ማድረግ ነው። ማጽናናት ሌላ ነው። ማወደስም ሌላ ነው። ማቆላመጥማ ጭራሽ ሌላ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሁሉንም በአንድ ላይ እንጨፈልቃቸዋለን። ለተማሪ ጥሩ ቃል ከተናገርን አበረታታን ብለን እናስባለን። ተማሪው ከቢሯችን ሲወጣ ፊቱ በርቶ ከሆነ ሥራችንን የሠራን ይመስለናል። እኔ ግን መለኪያው ሌላ ነው እላለሁ። ማታ ላይ ደብተሩን ከፈተ ወይስ አልከፈተም? በረታ ወይስ ደስ ብቻ አለው?

ስለዚህ ነገር የተሠሩ ጥናቶች ብዙ ናቸው። ሁሉንም አልዘረዝርም። እኔን ያሳመኑኝን፣ አንዳንዴም ያስደነገጡኝን ብቻ ላንሣ።

በ1958 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ኤሊስ ፔጅ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አንድ ቀላል ነገር ሞከረ። 74 የመለስተኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራንን አስተባበረ። ተማሪዎቹ ከ2,000 በላይ ነበሩ። መምህራኑ ፈተና አርመው ተማሪዎቹን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን ውጤት ብቻ ተሰጠ። ለሁለተኛው ከውጤቱ ጋር አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ አጭር የማበረታቻ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ። ለሦስተኛው ደግሞ መምህሩ ለዚያ ተማሪ የሚስማማውን በራሱ ቃል ጻፈ። ተማሪዎቹ ጥናት ላይ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። በቀጣዩ ፈተና ከሁሉም የተሻለ ያመጡት መምህሩ በራሱ ቃል የጻፈላቸው ናቸው። የተዘጋጀውን ዓረፍተ ነገር ያገኙት ሁለተኛ ወጡ። ቁጥር ብቻ የተሰጣቸው መጨረሻ ሆኑ።

እነዚህ የኮሌጅ ተማሪዎች አይደሉም፣ አውቃለሁ። ግን ከዚህ ጥናት ሁልጊዜ የሚገርመኝ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለቱም ጥሩ ቃል ነበር። አንዱ ግን ለማንም ሊጻፍ የሚችል ነው። ሌላው ለአንድ ሰው የተጻፈ ነው። ተማሪ ይህን ይለያል። ከአንገት በላይ የሆነ ቃል ከሩቅ ይታወቃል።

ወደ ኮሌጅ ስንመጣ፣ ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ያሳተመው ሥራ አለ። የኮሌጅ ተማሪዎችን እንቆቅልሽ አስፈታቸው። ለፈቱት እንቆቅልሽ ገንዘብ የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቀር ፍላጎታቸው ቀነሰ። በቃል ጥሩ ግብረ መልስ የተሰጣቸው ግን ማንም ሳያዛቸው ከእንቆቅልሹ ጋር መቆየት ቀጠሉ። ገንዘቡ ሥራውን የሌላ ሰው አደረገው። ቃሉ የራሳቸው እንዲሆን ረዳቸው። እኔ እንደዚያ ነው የገባኝ።

አልበርት ባንዱራ ደግሞ በ1977 አንድ ሰው «ይህን እችላለሁ» ብሎ የሚያምነው ከየት ተነስቶ ነው የሚለውን አጠና። አራት ምንጮች አስቀመጠ። ራሱ ሠርቶ መሳካቱ፣ መሰሎቹ ሲሳካላቸው ማየቱ፣ ሰው «ትችላለህ» ሲለው መስማቱ፣ እና በሰውነቱ የሚሰማው ስሜት፣ ማለትም ፍርሃቱና መረጋጋቱ። ከአራቱ ጠንካራው የመጀመሪያው ነው፣ ሠርቶ መሳካት። «ትችላለህ» መባል ብቻውን ደካማ ነው። በቃል ብቻ የቆመ እምነት የመጀመሪያው ከባድ ፈተና ላይ ይፈርሳል።

ይህን ሳነብ ያ የስታቲስቲክስ መምህር ለምን ጥያቄ 4ን እንደሰጠኝ ገባኝ። «ትችላለህ» ብሎ አላሰናበተኝም። መቻሌን እዚያው ቢሮው ውስጥ እንዳየው አደረገ። ቃሉ በሩን ከፈተ፣ ወደ ውስጥ ያስገባኝ ግን ጥያቄ 4 ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ መልካም ይመስላል። አሁን ከባዱን ልንገራችሁ።

በ1996 አቭራሃም ክሉገርና አንጀሎ ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ ሙከራዎችን ሰብስበው 607 ውጤቶችን አነጻጸሩ። በአማካይ ግብረ መልስ ሥራን ያሻሽላል። ግን ከሦስት አንድ በላይ በሚሆነው ውስጥ ሥራውን አባብሶታል። ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። እነሱ ያቀረቡት ማብራሪያ ደግሞ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ግብረ መልሱ የሰውን ሐሳብ ከሥራው ነቅሎ ወደ ራሱ ሲያዞረው ጉልበቱ ይዳከማል። «ጥያቄ 3 የት ጋ ተበላሸ?» ከማለት ይልቅ «እኔ ማን ነኝ? ሰው ምን ይለኛል?» ማለት ይጀምራል።

እንዲህ ከሆነ መስደብ ብቻ ሳይሆን ማወደስም ይጎዳል ማለት ነው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ያሳዩት ይህንኑ ነው። የ5ኛ ክፍል ልጆች ቀላል ጥያቄ ሠርተው አንዳንዶቹ «ብልህ ነሽ፣ ብልህ ነህ» ተባሉ። ሌሎች «በጣም ሠርተሻል፣ ሠርተሃል» ተባሉ። ከዚያ ከባድ ጥያቄ ተሰጣቸው፣ ሁሉም ተቸገሩ። በመጨረሻ እንደ መጀመሪያው ቀላል የሆነ ጥያቄ መጣ። በብልህነታቸው የተወደሱት ከመጀመሪያው ውጤታቸው ወረዱ። በሥራቸው የተወደሱት ከፍ አሉ። ብልህ ከተባልክ በኋላ መሳሳት ስምን ማጣት ነው። ስምህን ላለማጣት ደግሞ የሚቀለው መንገድ አለመሞከር ነው።

ኮሌጅ ውስጥ ይህን በየዓመቱ አየዋለሁ። ከሁለተኛ ደረጃ «ጎበዝ» ተብሎ የመጣ ተማሪ የመጀመሪያውን ዲ ሲያይ ሐሞቱ ይፈሳል። ዲው ከባድ ስለሆነ አይደለም። ስሙ ስለተነካ ነው። እርዳታ አይጠይቅም፣ ምክንያቱም ጎበዝ ልጅ እርዳታ አይጠይቅም ብሎ ያምናል። ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል። ቀጥሎ ይቀራል። እኛ ደግሞ «ሰነፈ» እንላለን።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ለማለት የሚከብደኝ ነው፣ ግን ለእናንተ ከጥናቶቹ የበለጠ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው።

ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ተማሪ ሚድተርም ወድቆ ቢሮዬ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። አዘንኩለት። እውነቴን ነው፣ አንጀቴ ተላወሰ። እንዲህ አልኩት፤ «አይዞህ። ይህ ትምህርት ለሁሉም ሰው አይሆንም። አንተ በሌላ ነገር ጎበዝ ነህ። ይህን ብቻ እንደምንም እለፈው።» ሸክሙን ያቀለልኩለት መሰለኝ። አመስግኖኝ ወጣ። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍል ውስጥ አላየሁትም። ኮርሱን ጣለው።

ለብዙ ጊዜ ይህን እንደ ደግነት ነው የቆጠርኩት። በ2012 አኒታ ራታን፣ ካትሪን ጉድና ካሮል ድዌክ ያሳተሙትን እስካነብ ድረስ። በሥራቸው ውስጥ አንዱ ሙከራ እንዲህ ነው። የኮሌጅ ተማሪዎች የካልኩለስ ኮርስ ወስደው የመጀመሪያው ፈተና እንዳልሆነላቸው እንዲያስቡ ተደረገ። ለአንዳንዶቹ መምህሩ የሚያጽናና ቃል ነገራቸው፤ በዚህ ትምህርት የተቸገሩ ብዙዎች በሌላ መስክ ይሳካላቸዋል የሚል ዓይነት። ለሌሎቹ መምህሩ ምን ዓይነት የአጠናን ዘዴ እንደሚሞክሩ ነገራቸው። የተጽናኑት ተማሪዎች መምህሩ ከእነሱ ብዙ እንደማይጠብቅ ተሰማቸው። ፍላጎታቸው ቀነሰ። በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚያገኙትን ውጤት ሲገምቱም ዝቅ አድርገው ገመቱ።

አንብቤ ስጨርስ ያ ልጅ ፊቴ ላይ መጣ። እኔ «አይዞህ» ነበር ያልኩት። እሱ የሰማው «አትችልም» የሚለውን ነው። ትክክል ሰምቷል። ውስጤ ያለው እሱ ነበርና። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ወለምታ ደግሞ ከአፍ አልነበረም፣ ከእምነት ነበር። ልጁ እንደማይችል ከውጤቱ በፊት ወስኜበት ነበር። ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

«አይዞህ» ክፉ ቃል ነው እያልኩ አይደለም። የሚያምር ቃል ነው። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገውም እሱ ነው። ጥያቄው ከ«አይዞህ» ቀጥሎ ምን ይመጣል የሚለው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ተወው» ከሆነ ልጁን ሸኝተነዋል። ቀጥሎ የሚመጣው «እስቲ ወረቀቱን አምጣው» ከሆነ ግን ሥራ ተጀምሯል።

እዚህ ላይ ብዙ መምህር የሚጨነቅበት ነገር አለ። እውነቱን ብነግረው ሞራሉን እነካዋለሁ፣ ካልነገርኩት አይማርም። እናስ? ጄፍሪ ኮኸን፣ ክሎድ ስቲልና ሊ ሮስ በ1999 ይህንኑ ጭንቅ አጥንተውታል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ጽሑፍ ጻፉ፣ ጠንከር ያለ እርማት ተሰጣቸው። እርማቱ ብቻውን ሲመጣ በተለይ ጥቁር ተማሪዎቹ አድልዎ ይኖርበታል ብለው ጠረጠሩ፣ ጽሑፉን አሻሽሎ ለመጻፍ ያላቸው ፍላጎትም ወረደ። ከእርማቱ በፊት ጠቅላላ ምስጋና መጨመርም በቂ አልሆነም። የሠራው ሁለት ነገር አብሮ ሲነገር ነው። የምጠይቅህ ደረጃ ከፍተኛ ነው፤ እዚያ እንደምትደርስ ደግሞ ከጽሑፍህ አይቻለሁ።

በ2014 ዴቪድ ዬገርና ባልደረቦቹ ይህንን ወደ 7ኛ ክፍል ወሰዱት። ተማሪዎች ጽሑፍ ጻፉ፣ መምህሩ አረመው፣ ከዚያ በእርማቱ ላይ ትንሽ ማስታወሻ ተለጠፈ። የግማሾቹ ማስታወሻ ይህ አስተያየት እንዲኖርህ ነው የሚል ብቻ ነው። የሌሎቹ ግን ይህን ሁሉ አስተያየት የሰጠሁህ ከአንተ ብዙ ስለምጠብቅና እንደምትደርስበት ስለማውቅ ነው የሚል ነው። ጽሑፉን አሻሽሎ መመለስ በፈቃድ ነበር። ከጥቁር ተማሪዎች መካከል ተራውን ማስታወሻ ካገኙት ከ5 አንድ የሚሆኑት እንኳ አልመለሱም። ሁለተኛውን ካገኙት ግን ከ10 ሰባት ገደማ አሻሽለው አመጡ። በነጮቹም ላይ ጭማሪ ታይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። ግን እርማቱ ለሁለቱም ቡድን አንድ ዓይነት እንደነበር አስቡት። የተለየው እርማቱ ለምን እንደተሰጠ መነገሩ ነው።

ተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ሲያይ የራሱን ትርጉም ይሰጠዋል። ትርጉሙን እኛ ካልነገርነው የከፋውን ይመርጣል። ይህ በተለይ ወደ ኮሌጅ ገና የገባውን ይመለከታል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ መምህሩ በስሙ ያውቀዋል። ሲቀር ይጠየቃል። ኮሌጅ ሲገባ ግን ማንም አይጠይቀውም። አዳራሹ ትልቅ ነው። መምህሩ ያስተምራል፣ ይወጣል። ውጤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ወይም ስልኩ ላይ ይመጣለታል። በዚህ ዝምታ ውስጥ ፍሬሽ ተማሪ አንድ ጥያቄ ይዞ ይዞራል፤ «እዚህ መገኘት ይገባኛል ወይ?» ዝምታችን መልስ ይሆንበታል።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ስኮት ካረልና ሚካል ኩርላንደር ይህን ዝምታ በኢሜይል ለመስበር ሞከሩ። መምህራን በሴሚስተሩ ውስጥ ለተማሪው ጥቂት ጊዜ በስሙ ይጽፉለታል። ኮርሱ ላይ እንዴት እየሄደ እንደሆነ፣ ለማለፍ ምን እንደሚረዳው፣ መምህሩ መቼ እንደሚገኝ። ከዚህ ያለፈ ነገር የለውም። ኢሜይሉ የደረሳቸው ተማሪዎች ስለ መምህሩ ያላቸው አመለካከት ተሻሻለ። በውጤት ረገድ ደግሞ ጥቅሙ የታየው በተለይ ኮሌጅ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆኑ ማኅበረሰቦች በመጡ ተማሪዎች ላይ ነው። ይህ አይገርምም። ቤተሰቡ ውስጥ ኮሌጅ የጨረሰ ሰው ያለው ልጅ የሚደውልለት አለው። የሌለው ልጅ የመምህሩ ኢሜይል ብቻ ነው ያለው።

ጋለፕ የሚባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅትና ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ከ30,000 በላይ የአሜሪካ ምሩቃንን ጠይቀው ነበር። ትምህርቱን እንድወደው ያደረገኝ፣ እንደ ሰው ያሰበልኝ፣ ህልሜን እንድከተል ያበረታታኝ መምህር ነበረኝ ብለው ሦስቱንም የመለሱት 14 በመቶ ብቻ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በሥራቸው ላይ በሙሉ ልብ የመሳተፍ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። ጥያቄው የተጠየቀው ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሆነ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ በእርግጠኝነት አይነግረንም። እኔን ያሳዘነኝ ግን 14 የሚለው ቁጥር ራሱ ነው። ኮሌጅ ያለፈ ሰው ስንት መምህር ያጋጥመዋል? ሠላሳ? አርባ? ከእነዚያ ሁሉ መካከል እንዲህ ያለውን ያላገኙት ብዙዎቹ ናቸው።

ስለ መምህር ግምት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሮበርት ሮዘንታልና የሌኖር ጃኮብሰን የ1968 ሥራ ይጠቀሳል። በዕጣ የተመረጡ ልጆች «በአእምሮ ሊያድጉ ነው» ተብሎ ለመምህራኑ ተነገረና ልጆቹ በእውነት አደጉ የሚለው ነው። ጥንቃቄ ልጨምርበት። ለውጡ በዋናነት የታየው በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ነው፣ ጥናቱም ብዙ ተተችቷል። ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሲታዩ የመምህር ግምት ተጽዕኖ አለ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ተአምር አይደለም። ይልቅ ለኮሌጅ የሚቀርበው የኤሊዛቤት ካኒንግና የባልደረቦቿ የ2019 ጥናት ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ 150 የሳይንስና የሒሳብ መምህራንንና ከ15,000 በላይ ተማሪዎችን ተመለከቱ። ችሎታ አይለወጥም ብለው በሚያምኑ መምህራን ክፍል ውስጥ በዘር ቡድኖች መካከል ያለው የውጤት ልዩነት እስከ እጥፍ ድረስ የሰፋ ነበር። ተማሪዎቹ መምህሩ ምን እንደሚያምን አልተነገራቸውም። ግን መምህሩ የመጀመሪያ ቀን የሚናገረው፣ ፈተና ሲመልስ የሚያሳየው ፊት፣ «ከመካከላችሁ ግማሾቹ ይወድቃሉ» የሚለው ንግግር ሁሉ ይናገራል።

ይህችን የመጨረሻዋን አደራ እላችኋለሁ፣ አትናገሯት። ለማስጠንቀቅ ብለን ነው የምንናገራት። የሚደነግጠው ግን ሰነፉ ሳይሆን የሚጠራጠረው ነው።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁና ወደ ጥያቄ እንሂድ። ክፍሌ ሰፊ ነው፣ ለሁሉም ረጅም አስተያየት መጻፍ አልችልም። ማንም አይችልም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ፈተና በኋላ ብቻ፣ በየወረቀቱ ላይ ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ያለው ቃል በመጨረሻው ላይ ካለው ይበልጣል፤ ከፋይናል በኋላ የሚጻፍ ማበረታቻ የሚሠራበት ጊዜ የለውም። ዓረፍተ ነገሩ የተማሪውን ሥራ ጠቅሶ ይጀምራል። «ጥሩ ነው» አልልም። ምኑ ጥሩ እንደሆነ እላለሁ። ደካማ ከሆነ ደካማ ነው እላለሁ፣ ግን የሚቀጥለውን እርምጃ ሳልጽፍ ወረቀቱን አላስቀምጥም። ኤፍ ከሆነ ኤፍ ነው። ውጤት አልጨምርም። የማይገባውን ማርክ መስጠት እምነት አይደለም፣ ተስፋ መቁረጥ ነው። ተማሪውም ያውቀዋል።

ሌላው ነገር ራሴን መቁጠር ነው። አንድ ሴሚስተር ላይ ማንን በስም እንደጠራሁ፣ ማንን ቢሮ ና እንዳልኩ በደብተር ያዝኩ። ሳየው አፈርኩ። አብዛኞቹ ከፊት የሚቀመጡ፣ እጃቸውን የሚያወጡ፣ እኔን የሚመስሉ ልጆች ናቸው። ማበረታቻዬ ለበረቱት ነበር የሚሄደው። ዝም የሚሉትን፣ ከኋላ ያሉትን፣ ኢሜይል መጻፍ የሚፈሩትን አላየኋቸውም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሦስት ስም እመርጣለሁ፣ ያልጠራኋቸውን። ሞክሩት። የሚወስደው ጊዜ ትንሽ ነው።

በቃል የማይፈታ ነገር እንዳለም እወቁ። የታመመ ተማሪ አለ። ማታ ሥራ የሚያድር አለ። መሠረቱ ከታች የጎደለበትም አለ። እነዚህን በ«ትችላለህ» ብቻ መሸኘት ጭካኔ ነው። ወደ አማካሪ፣ ወደ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ወደሚረዳው ሰው ማድረስ ያስፈልጋል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ችግሩን የሚነግረን ቀድመን ስሙን ስለጠራነው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ የመጀመሪያውን ፈተና ወድቃ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርኩም» አለችኝ። ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ዝም ብዬ እጄን ዘረጋሁ፣ ወረቀቱን ሰጠችኝ። «ጥያቄ 2ን እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪኝ» አልኳት። ነገረችኝ። ግማሹ ትክክል ነበር። ግማሹ ትክክል መሆኑን አታውቅም ነበር። «ይህን ያሰበ ሰው ቀሪውን ማሰብ ይችላል። ማክሰኞ ጥያቄ 5ን ይዘሽ ነይ» አልኳት። መጣች። በየሳምንቱ መጣች። አንዳንዱ ማክሰኞ ከባድ ነበር፣ አንድ ጊዜም እያለቀሰች ነው የወጣችው። ኮርሱን በሲ ፕላስ ጨረሰች።

ግሬድ ገብቶ፣ ሬጅስትራር ዘግቶ፣ ሁሉም ዕረፍት ከወጣ በኋላ በሬ ተንኳኳ። እሷ ናት። የግሬድ ቅሬታ ይዛ የመጣች መስሎኝ ለመልስ ተዘጋጀሁ። የፋይናል ወረቀቷን ማየት እንደምትችል ጠየቀችኝ። አውጥቼ ሰጠኋት። ቆማ ገለጠችውና ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ጥያቄ 7 ላይ የት ጋ ነው የሳትኩት?» አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላት።